ብላስ ኦፕሌ

ብላስ ኦፕሌ (1927–2003 እ.ኤ.አ.) ፊሊፒናዊ የጋዜጣ ዓምደኛ፣ የሥራ ሚኒስትር፣ ሴናተርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለዱት ከማኒላ በስተሰሜን፣ በቡላካን አውራጃ በምትገኘው ሃጎኖይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ልጅ እግር ሳሉ ጃፓኖችን ከሚወጉት ሽምቅ ተዋጊዎች ጋር ተሰለፉ። ከጦርነቱ በኋላ በደይሊ ሚረር ጋዜጣ ላይ «ጂፕኒ ቴልስ» የተሰኘ ዓምድ ያዙ። ጂፕኒ አሜሪካኖች ትተውት በሄዱት የጦር ጂፕ የተጀመረ፣ ተራው ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚሳፈርበት መኪና ነው። የፕሬዚዳንት ራሞን ማግሳይሳይ ረዳት ሲሆኑ ከጋዜጣው ወደ ቤተ መንግሥት ተሻገሩ።

በ1967 ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ የሥራ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። በ1971 ለሴኔት ተወዳድረው ቢሸነፉም ወደ ሚኒስትርነቱ ተመልሰው እስከ 1986 ቆዩ። ትልቁ ሥራቸው በ1974 የወጣው የሥራ ሕግ ነው። በዚያን ጊዜ የነዳጅ ዋጋ ንሮ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር፤ ፊሊፒንስ ደግሞ ሥራ አጥነትና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበረባት። ሕጉ የውጭ አሠሪ በቀጥታ እንዳይቀጥር ከለከለ፣ ሠራተኞችን ወደ ውጭ አገር የመላኩን ስምሪት በመንግሥት ቦርድ ሥር አደረገ፤ ሠራተኛውም ከሚያገኘው የውጭ ገንዘብ ከፊሉን ወደ አገሩ እንዲልክ አስገደደ። የግል ቀጣሪ ኤጀንሲዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ስምሪቱ ተመልሰው ገቡ። ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው ስምሪት ግን ቋሚ ሆነ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን በየቤቱና በየሆስፒታሉ ከፊሊፒናውያን ጋር የሚገናኙትም ከዚህ የተነሣ ነው። ኦፕሌ በ1975 የዓለም አቀፉን የሥራ ጉባኤ በፕሬዚዳንትነት መሩ። ይሁንና ይህ ሁሉ የሆነው በማርኮስ ወታደራዊ ሕግ ዘመን፣ የሥራ ማቆም አድማ በታገደበት አገር ነው፤ ሥራቸውን የሚመዝን ሁሉ ይህንንም አብሮ መመዘን አለበት።

ማርኮስ ሲወድቁ ኦፕሌ አብረው አልወደቁም። ማርኮስን የተኩት ፕሬዚዳንት ኮራሶን አኪኖ በ1986 ሕገ መንግሥት በሚያረቀው ኮሚሽን ውስጥ አስገቧቸው። በ1992 ሴናተር ሆኑ፤ ከ1999 እስከ 2000 ደግሞ ሴኔቱን መሩ። በማኒላ ቡለቲን ጋዜጣም በዓምደኝነት ይጽፉ ነበር። በ2002 ፕሬዚዳንት ግሎሪያ አሮዮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱን ሰጧቸው።

በታኅሣሥ 2003 ወደ ባሕሬን ሲጓዙ አውሮፕላን ውስጥ ታመው፣ ታይዋን ሆስፒታል ገብተው በ76 ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው ሱዛን ኦፕሌ በ2022 የፊሊፒንስ የስደተኛ ሠራተኞች ሚኒስቴር የመጀመሪያዋ ቋሚ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ በዚሁ ሥራ ላይ እንዳሉ በ2023 ዐረፉ።