ሸማኔው ያልገባበት ክፍል

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን፣ ብረት ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን በሙያቸው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። በዚያው ሰሞን በስማቸው የሚጠራው ዘመናዊ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ሁለቱም የአንድ ንጉሠ ነገሥት ውጥኖች ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው ግን አልተገናኙም። አዋጁ ለባለእጁ ክብር ሲቆም፣ ከግብፅ የመጡ የኮፕት መምህራን የያዙት ትምህርት ቤት ደግሞ በውጭ ቋንቋዎችና በሒሳብ ላይ አተኮረ። ባለእጁ እንዳይሰደብ ተደነገገ እንጂ ዕውቀቱ የትምህርት ወግ አላገኘም። ዛሬ የክወናና የእይታ ጥበባትን እንዲያስተምር የሚታዘዘው መምህር የሚቸገረው ሥዕል መሣል ስላልቻለ ብቻ አይመስለኝም። የችግሩ ሥር ያለው በዚህ መለያየት ውስጥ ነው።

ከዚያ በፊት ሙያ የሚወረሰው ከባለሙያው ጎን ተቀምጦ ነበር። የሸማኔ ልጅ ክር በማጠንጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ መወርወሪያው ይደርሳል፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ተማሪውን ቀለም እያስበጠበጠ ዓይኑን ያሠለጥናል። በ1950 ዓ.ም. ዓለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ሲመሠርቱ ለሥዕልና ለቅርጻ ቅርጽ ትልቅ በር ተከፈተ፤ በሩ ግን ዋና ከተማው ላይ፣ ሠዓሊ ለመሆን ለቆረጡ ጥቂቶች ነበር። ሆኖም ከዚያው የወጣው ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ስንጣቂዎች ላይ የሠራቸው ሥዕሎች፣ በጥንቱ የእጅ ሥራና በዘመናዊው ሥዕል መካከል የምናስበው ርቀት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ያሳያሉ። የወረዳ መምህር ግን ይህን የሚያይበት አጋጣሚ እምብዛም አልነበረውም።

ሸማኔው ክፍል ገብቶ ከመምህሩ ጋር ያስተምር ሲባል፣ እሱ ማስተማር አያውቅም፣ መምህሩም ሽመና አያውቅም የሚል ክርክር ይነሣል። እውነት ነው፤ ግን ከሁለቱ አንዱ ሌላውን እንዲተካ የጠየቀ የለም። መምህሩ ትምህርቱን በጥያቄ ይከፍተዋል፦ ጥለቱ ሳይዛነፍ እንዲወጣ ድሩ እንዴት ይቆጠራል? ነጠላ ለኀዘን ሲለበስ ጥለቱ ለምን ወደ አንገት ይወጣል? የመጀመሪያውን ባለሙያው በእጁ ያሳያል፤ ሁለተኛውን ልጆቹ ከቤታቸው ጠይቀው ይመጣሉ። መምህሩ መወርወሪያ ባይጨብጥም የክፍሉ መሪ እሱ ነው።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ፣ ባህላዊ ጥበብ መኮረጅ ነውና ልጆችን ከፈጠራ ያርቃል የሚለው ነው። በባለሙያውና በጀማሪው መካከል ያለው ትምህርት ጥብቅ መሆኑን አልክድም። ግን በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኩሴ የሣላት ማርያም በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ትገኛለች፤ ያ ሠዓሊ ለድንግል ሥዕል አዲስ መልክ የሰጠ ነው። ከእሱ በኋላ የቬኒሱ ብራንካሊዮን ወደ አገራችን መጥቶ ብዙ ዓመት ሲሥል፣ የኛዎቹ ከእሱም ያዩትን በራሳቸው መንገድ አዋሐዱ። ወግን ጠንቅቆ ማወቅ ለለውጥ መነሻ ሆኗቸው ነበር። የአካባቢውን ሥራ ያላየ ልጅ ምኑን ሊለውጥ ይችላል?

አንድ ነገር ግን በቸልታ መታለፍ የለበትም። ሸማኔ ከመሸመኛው ግማሽ ቀን ሲለይ የዕለት ገቢው ይጎድላል። በነጻ ና አስተምር ማለት ያው የቆየው ንቀት ነውና፣ ትምህርት ቤቱ ከሌላው ወጪው ጋር አበሉን አስቀድሞ በበጀት ይያዝለት።