ስድስት ችግኝ፣ ሁለት ሕግ፦ በዋሽንግተን ዲሲ ካናቢስን በቤት የማብቀል የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ

በዋሽንግተን ዲሲ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ እስከ ስድስት የካናቢስ ተክል ማብቀል ይችላል። ከስድስቱ ለአበባ የደረሱት ከሦስት መብለጥ የለባቸውም። በአንድ ቤት ስንትም አዋቂ ቢኖር ጠቅላላው ቁጥር ከ12 አያልፍም። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2015 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ቤት ውስጥ፣ በፌዴራሉ ሕግ ግን አንዲት ችግኝ እንኳ ወንጀል ናት። ሁለቱም ሕጎች ዛሬ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚኖረው ደግሞ በዚህችው ከተማና በዙሪያዋ ነው። ከእነሱ መካከል “ተፈቅዷል አይደል?” ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘር ሊያፈላ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። መልሱ በአንድ ቃል አያልቅም። ፈቃዱ ቁርጥራጭ እየተገጣጠመ የመጣ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ለበሽተኛው፣ ሌላው ለቤቱ ባለቤት፣ ሌላው ለመራጩ ዜጋ ተብሎ። ያልታሰበለት ሰው ዛሬም ከደጅ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ታሪኩን ከመነሻው ማየት ይበጃል።

የታክስ ሕግ ሆኖ የጀመረው ክልከላ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካናቢስ በአሜሪካ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ የገባ፣ ከመድኃኒት ቤት በጠርሙስ የሚገዛ ነገር ነበር። በ1930 የፌዴራል የአደንዛዥ ዕፅ ቢሮ ተቋቋመ፤ ኃላፊው ሃሪ አንስሊንገር ተክሉን የእብደትና የወንጀል ምንጭ አድርገው የሚስሉ ዘመቻዎችን መሩ። በ1937 ኮንግረስ የማሪዋና የታክስ ሕግን አወጣ። የሐኪሞች ማኅበር ተወካይ የነበሩት ዶክተር ዊሊያም ውድዋርድ ማስረጃው አይበቃም ብለው ቢከራከሩም ሰሚ አላገኙም። ሕጉ በስሙ ቀረጥ ይሁን እንጂ በተግባር ክልከላ ነበር። በ1942 ተክሉ ከመድኃኒት መዝገቡም ተሠረዘ።

በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የታክሱን ሕግ አፈረሰው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1970፣ በፕሬዚዳንት ኒክሰን ፊርማ የጸደቀው አዲሱ ሕግ ግን ካናቢስን ከሄሮይን ጋር በአንደኛው መደብ አስቀመጠው። ትርጉሙም “የታወቀ የሕክምና ጥቅም የሌለው፣ ለሱስ እጅግ የሚያጋልጥ” ማለት ነው። በዚህ ሕግ ዓይን መትከል ማምረት ነው። ከ50 ተክል በታች ያበቀለ ሰው እንኳ እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ይህ አንቀጽ ዛሬም አልተነሣም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ ከዚህ አንቀጽ ጋር የተደረገ ትግል ነው።

በረንዳ ላይ የበቀሉት አራት ተክሎች

በቤቱ ያበቀለ በሽተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ የረታው በዋሽንግተን ዲሲ ነው። ሮበርት ራንዳል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ ግላኮማ ያዘው። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት እየጨመረ የእይታን ነርቭ የሚያጠፋ በሽታ ነው፤ ሐኪሞችም ብዙ ሳይቆይ እንደሚታወር ነገሩት። ራንዳል ካናቢስ ሲያጨስ በመንገድ መብራቶች ዙሪያ ይታየው የነበረው ክብ ብርሃን እንደሚጠፋ አስተዋለ። በድብቅ መግዛቱ ሲከብደው በቤቱ በረንዳ ላይ አራት ተክሎች አበቀለ። በ1975 ፖሊስ አይቶ ያዘው።

ብዙ ሰው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ቅጣቱን ይቀበል በነበረበት ዘመን ራንዳል ለዓይኔ ነው ያበቀልኩት ብሎ ተከራከረ። በሎስ አንጀለስ በተደረገለት ምርመራ፣ የታወቁት መድኃኒቶች ያላወረዱትን የዓይን ግፊት ካናቢሱ እንደሚያወርደው ታየ። ጉዳዩን የያዙት ዳኛ ጄምስ ዋሽንግተን፣ ቀደም ሲል የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የነበሩ፣ በኖቬምበር 1976 ለራንዳል ፈረዱ። ሰው ብርሃኑን ለማዳን ያደረገው ነገር፣ ሕጉ ሊጠብቅ ከፈለገው ጥቅም እንደሚበልጥ ተቀበሉ።

ከዚያ የሆነው ሊታሰብበት ይገባል። ራንዳል አሸነፈ፤ በቤቱ የማብቀል መብት ግን አላገኘም። መንግሥት በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ እርሻ ከሚያበቅለው ካናቢስ የተጠቀለለ ሲጋራ ይሰጠው ጀመር። መንግሥት ተክሉ የሕክምና ጥቅም የለውም በሚለው ሕጉ ጸንቶ፣ ያንኑ ተክል ለበሽተኛ በእጁ ሰጠ። ፕሮግራሙ ለጥቂት ሌሎች በሽተኞችም ከተከፈተ በኋላ፣ የኤድስ ሕሙማን ጥያቄ ሲበዛ በ1992 ለአዲስ አመልካች ተዘጋ። ራንዳል በ2001 እስኪሞት ድረስ ዓይኑ አልጠፋም።

ከእርሻ ወደ ቤዝመንት

በዚያው ዘመን ማብቀሉ ራሱ መልኩን ቀየረ። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአሜሪካ ይጨስ የነበረው በአብዛኛው ከሜክሲኮ የሚገባ ነበር። የሜክሲኮ መንግሥት በአሜሪካ ድጋፍ ማሳዎቹ ላይ ፓራኳት የተባለ መርዝ መርጨት ሲጀምር፣ አጫሾች ለሳንባቸው ፈሩ። አሜሪካውያን በራሳቸው ምድር የማብቀል ልማዳቸው የተስፋፋው ያኔ ነው። በሰሜን ካሊፎርኒያ የሃምቦልት፣ የሜንዶሲኖና የትሪኒቲ ኮረብታዎች የዚህ እርሻ ማዕከል ሆኑ። ወንዴውንና ሴቴውን ለይቶ ወንዴውን ቀድሞ መንቀልም በእነዚህ ኮረብታዎች ተለመደ። ዘር ያልያዘችው ሴቴ አበባዋን ታበዛለች፣ ሙጫዋም ይጨምራል፤ የተክሉ ኃይል ያለው በዚያ ሙጫ ውስጥ ነው።

በ1983 ካሊፎርኒያ በሄሊኮፕተር የታገዘ የመንቀል ዘመቻ ከፈተች። አብቃዩ ከሰማይ ሸሽቶ ጣሪያ ሥር ገባ። ተክሉ የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ስለሆነ፣ በዝግ ክፍል ውስጥ መብራቱን 12 ሰዓት አብርቶ 12 ሰዓት ማጥፋት ወቅትን ሳይጠብቁ እንዲያብብ ማድረግ ያስችላል። ከአፍጋኒስታን የመጡ ቁመታቸው አጭር፣ ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎች በሆላንድ ዘር ነጋዴዎች በኩል ተዳቅለው ተሠራጩ። በ1989 የፌዴራል ፖሊሶች አምፖልና ማዳበሪያ በሚሸጡ ሱቆች፣ በዘር ነጋዴዎችም ላይ ዘመቱ፤ ቤዝመንት የገባው ግን አልወጣም።

ዛሬ አዲስ አብቃይ የሚገዛው አምፖል፣ የአየር ማራገቢያና ሽታ የሚያስቀር የከሰል ማጣሪያ የዚያ መሸሸግ ውጤት ነው። የተክሉ ብርታትም እንዲሁ። የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ በተያዙ ናሙናዎች ላይ ባደረገው ልኬት፣ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር መጠን በ1995 ወደ 4 በመቶ ነበር፤ በ2014 ወደ 12 በመቶ ደረሰ። በወጣትነቴ ሞክሬዋለሁ፣ ምንም አታደርግም የሚል ሰው ይህን ልዩነት ሊያውቀው ይገባል። አእምሮው እድገቱን ላልጨረሰ ወጣት ደግሞ አደጋው ይበልጣል። ልጆች ባሉበት ቤት ያለ ተክል መቆለፍ አለበት።

የቤት ደጃፍ እስከ የት ይከለክላል?

በ1975 የአላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኢርዊን ራቪን በተባለ ጠበቃ ጉዳይ፣ አዋቂ ሰው በቤቱ ለራሱ የሚይዘው ካናቢስ በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት በተጠበቀው የግል ሕይወት መብት ውስጥ እንደሚገባ ወሰነ። ከ43 ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2018፣ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በተመሳሳይ መንገድ ሄደ። የራስተፈሪያን እምነት ተከታይ የሆነው ጋሬት ፕሪንስ ለዓመታት ከተሟገተ በኋላ፣ አዋቂ ሰው በግል ቦታው ለራሱ ማብቀል ወንጀል መሆኑ ቀረ። ሁለቱም ፍርድ ቤቶች የጠየቁት ስለ ተክሉ መልካምነት አይደለም። መንግሥት የሰው ደጃፍ አልፎ የሚገባበት በቂ ምክንያት አለው ወይ የሚል ነበር ጥያቄያቸው።

የአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤት ግን ደጃፉን አላከበረም። በኦገስት 2002 በካሊፎርኒያ የዳያን ሞንሰን ቤት በፖሊሶች ተፈተሸ። ሞንሰን ለጀርባ ሕመሟ በግዛቷ ሕግ መሠረት ስድስት ተክሎች ነበሯት። የአካባቢው ፖሊሶች ሕጋዊ ነው አሉ፤ የፌዴራሎቹ ግን ሦስት ሰዓት ከፈጀ ክርክር በኋላ ስድስቱንም ነቅለው አጠፉ። ሞንሰንና አንጀል ሬይች የተባለች ሌላ በሽተኛ ያቀረቡት ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጁን 2005 በ6 ለ3 ድምፅ ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ የተደገፈው በ1942 በተሰጠ ውሳኔ ላይ ነው፤ ያኔ የኦሃዮ ገበሬ ሮስኮ ፊልበርን ለራሱ ፍጆታ የዘራው ትርፍ ስንዴ እንኳ የአገሪቱን ገበያ ስለሚነካ ኮንግረስ ሊከለክለው ይችላል ተብሎ ነበር። ስለዚህ ያልተሸጠና ከቤት ያልወጣ ተክልም ከፌዴራሉ ሕግ አያመልጥም። ይህ ውሳኔ እስካሁን አልተሻረም።

ዲሲ ድምፅ ሰጠች

ዋሽንግተን ግዛት ስላልሆነች በጀቷንና ሕጓን ኮንግረስ ይቆጣጠራል። በ1998 ነዋሪዎቿ የሕክምና ካናቢስን በድምፅ ቢደግፉም፣ ኮንግረስ ለአሥር ዓመት ያህል ሥራ ላይ እንዳይውል አገደው። በ2013 የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኅብረት ባወጣው ጥናት፣ በዲሲ ጥቁር ሰው ካናቢስ ይዞ የመታሰር ዕድሉ ከነጭ ስምንት እጥፍ መሆኑ ታየ። መያዝንና በቤት ማብቀልን ለመፍቀድ ለሕዝበ ድምፅ የቀረበው የኢኒሼቲቭ 71 ቅስቀሳ ይህን ፍትሕ ማጣት ይዞ ተነሣ። በኖቬምበር 2014 ከ60 በመቶ በላይ መራጭ ደገፈው።

ኮንግረስ ከተማዋ ሽያጭን የሚፈቅድ ሕግ ለማውጣት ገንዘብ እንዳታወጣ ከለከለ። ስለዚህ አንድ እንግዳ ሁኔታ ተፈጠረ፦ መያዝ ይቻላል፣ ማብቀል ይቻላል፣ እስከ አንድ አውንስ ያለ ገንዘብ መስጠት ይቻላል፤ ከሕክምና ውጭ መሸጥ ግን አይቻልም። ዘር የሚሸጥበት ሕጋዊ ቦታ ስላልነበረ፣ በማርች 2015 አንቀሳቃሾቹ በአዳምስ ሞርጋን በሚገኝ ምግብ ቤት ዘር በነጻ አደሉ፤ ሰዎችም ተሰልፈው ወሰዱ። አዳምስ ሞርጋን በ1980ዎቹ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች የከፈቱበት ሰፈር ነው።

የእኛ ሰው የት ቆሟል?

በቤተሰቦቻችን ዘንድ ይህ ተክል የነውር ነገር ነው፤ የልጅ መበላሸት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ለታሪካችን ግን ፍጹም እንግዳ አይደለም። በጣና ሐይቅ አቅራቢያ ባለ ላሊበላ በሚባል ዋሻ ውስጥ (ከታዋቂው ከተማ የተለየ ቦታ ነው) የተገኙ፣ ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን የሚጠጉ የሸክላ ማጨሻዎች የካናቢስ ቅሪት እንዳለባቸው በ1975 የታተመ ጥናት ዘግቧል። የዛሬዋ ኢትዮጵያ ሕግ ግን ጥብቅ ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ማብቀልን ጨምሮ በጽኑ እስራት ይቀጣል።

በዲሲ ያለን ኢትዮጵያዊ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያየው የፌዴራሉን ሕግ ብቻ ነው። በኤፕሪል 2019 የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ባወጣው መመሪያ፣ በግዛት ሕግ የተፈቀደ የካናቢስ ሥራ እንኳ አመልካቹን “መልካም ሥነ ምግባር የለውም” አሰኝቶ ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። አንድ ሰው ባይከሰስም፣ በቃለ መጠይቅ ላይ “አብቅያለሁ” ብሎ ማመኑ ብቻ ሊጎዳው ይችላል። ከመባረር የሚያተርፈው ጠባብ ልዩ ሁኔታ ለራሱ 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ይዞ አንድ ጊዜ ለተገኘ ሰው የተደረገ ነው፤ ማብቀልን አይጠቅስም። ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት የሚጠብቅ ሰው አንድ ችግኝ ባይተክል ይሻለዋል የምለው ለዚህ ነው።

ዜጋ የሆነውም ቢሆን ያልተጻፈለት ፈቃድ አለ ብሎ አይገምት። በፌዴራል ገንዘብ በሚደገፍ ቤት የሚኖር ተከራይ ቤቱን ሊያጣ ይችላል፤ የግል አከራይም በውሉ መከልከል ይችላል። የጭነት መኪና ነጂ የሚመረመረው በፌዴራል ደንብ ነው፤ ዲሲ መኖሩ አያድነውም። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ የገባ ሰው የሚያገኘው ሌላ ሕግ ነው፤ በቤት አራት ተክል፣ በእያንዳንዱም ላይ የአብቃዩ ስም ያለበት ምልክት። በሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ወዲህ በቤት ሁለት ተክል ብቻ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞ መሻገር የፌዴራል ወንጀል ነው።

ይህ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። ሮበርት ራንዳል በሕመሙ፣ የዲሲ መራጮች በድምፃቸው፣ በር በር እየከፈቱ አለፉ፤ የከፈቱት ግን ለራሳቸው የሚበቃውን ያህል ነው። ስደተኛው በየትኛውም ክርክር ውስጥ አልተጠራም። በከተማዋ ሕግ አምኖ የተከለ ሰው በፌዴራሉ ሕግ ቤተሰቡን የሚያጣበት ሥርዓት ፍትሐዊ አይደለም፤ ሊለወጥም ይገባል። ድምፅ የመስጠት መብት ያገኘን የዚያ አካባቢ ኢትዮጵያውያን ይህን ለተመራጮቻችን በግልጽ መናገር አለብን። የማኅበረሰብ ድርጅቶቻችን፣ ሬዲዮዎቻችንና አብያተ እምነቶቻችንም ነገሩን በነውር ሸፍነው ከማለፍ ይልቅ ሕጉን በአማርኛ ቢያስረዱ፣ አንድ ወጣት ሳያውቅ የሚገባበትን መዘዝ ያስቀራሉ። እስከዚያው ዘሩን ከማፍላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር የመጀመሪያው ሥራ ይሁን።