የአርጊኑሳይ ሙታን፤ በጥንታውያን ግሪኮች ዘንድ የመቃብር ሥርዓትና የሕግ ሥልጣን

ስለ ጥንታውያን ግሪኮች ሃይማኖት የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከአማልክቱ ስምና ከተረታቸው ይጀምራሉ። ነገር ግን ግሪኮች እንደ ሕግ የሚቈጠር ቅዱስ መጽሐፍም ሆነ በጉባኤ የተወሰነ የሃይማኖት ቀኖና ያልነበራቸው ሕዝብ ስለ ነበሩ፥ የአንድ ሰው እግዚአ አክባሪነት ይመዘን የነበረው በአመዛኙ በሥራው ነው፤ ይኸውም መሥዋዕቱን በጊዜው በማቅረቡ፥ መሐላውን በመጠበቁና ሙታኑን በሥርዓት በመቅበሩ ነበር። ስለዚህ የዜውስን ትውልድ ከመቍጠር ይልቅ የመቃብራቸውን ሥርዓት መመርመር ወደ ልባቸው የበለጠ ያቀርበናል።

በአቴና ሰው ሲሞት የቤቱ ሴቶች ሬሳውን አጥበው፥ ዘይት ቀብተው፥ ልብስ አልብሰው በአልጋ ያጋድሙታል፤ ፀጕራቸውንም እየነጩ ያለቅሱለታል። በሦስተኛው ቀን ፀሓይ ሳይወጣ ወደ መቃብር ይወስዱታል። ከዚያ ወዲህ በዘጠነኛው ቀንና በየዓመቱ ወይን፥ ማር፥ ወተትና ውሃ በመቃብሩ ላይ ያፈሱለታል። ልቅሶውና ወጪው ከልክ ስላለፈ፥ በ6ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መጀመሪያ ሕግ ያወጣው ሶሎን፥ ሴቶች ገላቸውን እንዳይቧጥጡ፥ በመቃብርም ላይ በሬ እንዳይታረድ፥ ከሟቹ ጋር ከሦስት ልብስ የበለጠ እንዳይቀበር ከለከለ። አንባቢ ይህን ሲያይ የአገራችን ሙሾና ተዝካር ትዝ ሊለው ይችላል፤ ሆኖም መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም።

ሳይቀበር የቀረ ሰው ዕረፍት የለውም የሚለው እምነት ጥንታዊ ነው። በኢልያዳ የፓትሮክሎስ ነፍስ ለወዳጁ ለአኪሌስ በሕልም ተገልጣ፥ ፈጥኖ እንዲቀብረው የምትለምነው፥ ሙታን ወደሚኖሩበት ስፍራ እንዳትገባ ስለ ተከለከለች ነው። ይህም እምነት በቅኔ ብቻ የሚነገር አልነበረም። ኒቅያስ የተባለው የአቴና የጦር አለቃ በቆሮንቶስ ምድር ድል ካደረገ በኋላ ሁለት ሬሳ ረስቶ መሄዱን ባወቀ ጊዜ፥ ለመውሰድ እንዲፈቀድለት ወደ ጠላቱ መልእክተኛ ላከ። ሙታኑን ለመውሰድ የሚለምን ተሸናፊ ሆኖ ይቈጠር ስለ ነበረ፥ ፕሉታርኮስ እንደሚለው ኒቅያስ ሁለት ሰዎች ሳይቀበሩ ከሚቀሩ የድሉ ክብር ቢቀርበት መረጠ። ቱኪዲዴስ ደግሞ በጦርነት የወደቁት አቴናውያን ዐፅማቸው በዐሥሩ ነገድ በዐሥር የጥድ ሣጥን ሆኖ ሲቀበር፥ ሬሳቸው ላልተገኘው አንድ ባዶ አልጋ ተሸፍኖ አብሮ ይሄድ እንደ ነበረ ይተርካል።

በ406 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሆነውን ነገር ያለዚህ እምነት ማስተዋል አይቻልም። በዚያ ዓመት አቴናውያን በሌስቦስ ደሴትና በእስያ ጠረፍ መካከል ባሉት በአርጊኑሳይ ደሴቶች አጠገብ የስፓርታን መርከቦች ድል አደረጉ። ከራሳቸው ግን 25 መርከቦች ከነሰዎቻቸው ጠፉ፤ ከጥቂቶች በቀር የዳነ አልነበረም። የጦር አለቆቹ፥ ቴራሜኔስና ትራሲቡሎስ ከሌሎች ሹማምንት ጋር በ47 መርከቦች ሄደው የሰመጡትን እንዲያነሡ አዘዙ፤ ነገር ግን ብርቱ ማዕበል ተነሥቶ ከለከላቸው።

ከስምንቱ የጦር አለቆች ሁለቱ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ስድስቱ ተመልሰው ተከሰሱ፤ ከነርሱም አንዱ የታላቁ የፔሪክሌስ ልጅ ነበረ። ነገሩ ሊበርድ ሲል አፓቱሪያ የተባለው ዘመዳሞች የሚሰበሰቡበት በዓል ደረሰ። ጥቍር ልብስ የለበሱ፥ ራሳቸውን የተላጩ ብዙ ሰዎች ወደ ጉባኤው መጡ። ክሴኖፎን እነዚህ ሰዎች የሟቾች ዘመድ መስለው እንዲቀርቡ በቴራሜኔስ ወገኖች የተዘጋጁ ናቸው ይላል፤ ዲዮዶሮስ ግን በእውነት ዘመዶች እንደ ነበሩ ይጽፋል። ለእኔ የዲዮዶሮስ ቃል የሚቀል ይመስለኛል፤ ከ25 መርከብ ሰው በጠፋበት ከተማ ሐዘንተኛ በገንዘብ መፈለግ አያስፈልግምና።

ካሊክሴኖስ የተባለው ሰው ሁሉም በአንድ ድምፅ በአንድ ጊዜ እንዲፈረድባቸው አሳሰበ። ይህ እያንዳንዱ ተከሳሽ ለብቻው እንዲዳኝ ከሚያዝዘው ሥርዓት ውጭ ነበረ። ይህን የተቃወሙት ሁሉ እነርሱም አብረው ይፈረድባቸዋል ተብለው በማስፈራራት ዝም አሉ። በዚያ ቀን ጉባኤውን ከሚመሩት ተረኞች አንዱ ሶቅራጥስ ነበረ፤ ከሕግ ውጭ የሆነውን ነገር ለድምፅ አላቀርብም ብሎ እንቢ ያለ እርሱ ብቻ ነው። በመጨረሻ ስድስቱም ተገደሉ።

እዚህ ላይ ሊቃውንትን የሚያከራክር አንድ ነገር አለ። ክሴኖፎን የሚናገረው በተሰበረ መርከብ ላይ ሆነው ርዳታ ሲጠብቁ ስለ ቀሩ ሕያዋን ነው፤ በዱቄት ገንዳ ላይ ተንሳፎ የዳነ አንድ ሰውም ለምስክርነት መቅረቡን ይተርካል። ዲዮዶሮስ ግን ክሱ ሬሳን ስላለማንሣት ነው ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱን መለየት የኛ እንጂ የዚያ ጉባኤ ጭንቀት አልነበረም፤ ሕያውም ሆነ ሙት ከባሕር ያልተነሣ ሰው ለእናቱ መቃብር የሌለው ልጅ ነውና።

ከሁሉ የሚያስደንቀው፥ ተከሳሾቹን የተከራከረላቸው ኤውሪፕቶሌሞስ እንዲዳኙበት ከጠቀሳቸው ሕጎች አንዱ ነው። ይህ ሕግ አገሩን የከዳ ወይም የመቅደስ ንብረት የሰረቀ ሰው በአቲካ ምድር እንዳይቀበር የሚያዝዝ ነበረ። በሶፎክሌስ ድርሰት አንቲጎኔ ወንድሟን እንዳትቀብር የከለከለው ክሬዎን እንደ ክፉ ገዥ ብቻ ይታያል፤ ነገር ግን ከሃዲን በአገሩ አፈር አለመቅበር የአቴና የራስዋ ሕግ ነበረ። የቴሚስቶክሌስ ዐፅም እንኳ፥ ዘመዶቹ እንደ ተናገሩት፥ በአቲካ የተቀበረው በስውር ነው። እንግዲህ መቃብር የአማልክት ሕግ፥ ክልከላው የሰው ሕግ ነው ብሎ በቀላሉ መክፈል አይገባም፤ ከተማይቱ ሙታንን የምታከብርበትንና የምትቀጣበትን ኀይል ከአንድ እምነት ቀድታዋለች።

ዲዮዶሮስ እንደሚለው፥ ዲዮሜዶን ወደ ሞት ሲወሰድ አቴናውያንን የለመናቸው ስለ ራሱ አልነበረም፤ የጦር አለቆቹ ስለ ድሉ ለአዳኙ ዜውስ፥ ለአፖሎና ለክቡራን አማልክት የተሳሉትን ስእለት ሕዝቡ እንዲፈጽምላቸው ነበረ። አቴናውያን ብዙ ሳይቈዩ ተጸጸቱና ያታለሉአቸውን ሰዎች ከሰሱ። ካሊክሴኖስ አምልጦ ጠፋ፤ በ403 ዓመት ወደ ከተማይቱ ቢመለስም ሁሉ ስለ ጠላው በራብ ሞተ። ሶቅራጥስም በ399 ዓመት በአማልክት ክህደት ተከስሶ በቆመ ጊዜ፥ ያን ቀን ብቻውን ለሕግ መቆሙን ለዳኞቹ አሳሰባቸው።