የሚያቃጥለው ዝናብ እና የሃይላንዱ ጠርሙስ

ዓዲ ሓቂ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ሦስት ወጣቶች ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና እያዘጋጁ በሃይላንድ ጠርሙስ ይሸጡባታል። ባለፈው ሰሞን ሳሙና ልገዛ ጎራ ስል አንደኛው ልጅ ነጭ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር በባዶ እጁ እየዘገነ ባልዲ ውስጥ ይበትናል። ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሶዳ» አለኝ። ኮስቲክ ሶዳ ማለቱ ነው። «እጅ ይበላል እኮ» ስለው ሳቀና ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ጫፋቸው ተልጧል። አያያዙን ማን እንዳስተማረው ብጠይቀው «ራሱ አስተማረኝ» አለ። ራሱ ሶዳው!

ይህቺ መልስ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ምክንያቱም በዚህ አገር ሰው ከኬሚካል ጋር የተዋወቀበት ታሪክ ባብዛኛው የዚህች መልስ ታሪክ ነው።

ወደ ኋላ እንሂድ። ታህሳስ 1928 ዓ.ም.፣ ተከዜ ዳር። የራስ እምሩ ጦር ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች የወትሮውን ቦምብ ሳይሆን በርሜል መሰል ነገር ጣሉ። በርሜሉ መሬት ሲነካ ተሰብሮ ፈሳሽ ረጨ። የነካቸው ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸው፣ ፊታቸው ተላጠ፤ ዓይናቸው የጠፋም ነበሩ። ራስ እምሩ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲናገሩ፣ አለቆቻቸው ከበዋቸው ምን እናድርግ እያሉ ሲጮኹ የሚመልሱት እንዳልነበራቸው፣ ያን የሚያቃጥል ዝናብ እንዴት እንደሚዋጉት እንደማያውቁ አስረድተዋል። ጦርነት አዲስ ያልሆነባቸው ሰው ናቸው ይህን ያሉት።

ፈሳሹ ይፐሪት ይባላል፣ የሰናፍጭ ጋዝም ይሉታል። ከመቀሌ በስተደቡብ አምባ አራዶም ላይም ወርዷል። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ቆመው ለዓለም ተናገሩ። የጣሊያን መንግሥት ግን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስልሳ ዓመት ቆይቶ።

ወንጀልን ከሥራ አደጋ ጋር እየጨፈለቅኩ አይደለም። የማነሳው ሌላ ነገር ነው። ይፐሪት ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚወጣው ከሰዓታት በኋላ ነው። ሣር ላይ፣ አፈር ላይ ይቆያል። በባዶ እግሩ ያለፈበት ሰው የረገጠውን የሚያውቀው ቆዳው ሲያብጥ ነው። ወዲያው ልብስን አውልቆ በብዙ ውሃ መታጠብ፣ ከቦታው መራቅ፤ ይህን ማወቅ ሕይወት ያተርፍ ነበር። ዕውቀቱ ግን የነበረው በርሜሉን የጣለው ወገን ዘንድ ነው። የወደቀበት ወገን «ከራሱ» ነው የተማረው።

በሰላሙ ዘመን የመጣውስ? ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ዲዲቲ ይዞ መንደር ለመንደር ዞረ። እዚያ ቢያንስ ረጪው ሥልጠና ነበረው፣ ምክንያቱም ፕሮግራም ነበር፣ በጀት ነበር። ለአንበጣና ለተምች ተብሎ በእርዳታም በግዢም የገባው ፀረ ተባይ ግን ጊዜው እያለፈበት በየመጋዘኑ ተከማቸ። በርሜሉ ዛገ፣ አፈሰሰ። ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) አስተባባሪነት በመጀመሪያው ዙር 1,500 ቶን ገደማ ተለቅሞ፣ ታሽጎ፣ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ተቃጠለ። ያሸጉት ሰዎች ሠልጥነው፣ ሙሉ መከላከያ ለብሰው ነው የሠሩት። ተገቢም ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ በርሜሉን በትከሻው የተሸከመውን የቀን ሠራተኛ ያሠለጠነው ግን ማን ነው? የመርዙን ባዶ ጀሪካን አጥቦ ውሃ የቀዳበትንስ ገበሬ?

ሕጉ የለም እንዳትሉኝ፣ አለ። የሥራ ላይ ደኅንነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት ኢትዮጵያ የተቀበለችው በ1983 ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በ1985 ወጣ፣ በ1996 ታደሰ፣ በ2011 እንደገና በቁጥር 1156 ወጣ። አንቀጽ 92ን አንብቡት። አሠሪው ሠራተኛው ሥራው ስላለበት አደጋ በሚገባ እንዲነገረውና መመሪያ እንዲሰጠው የማድረግ ግዴታ አለበት። መከላከያ መስጠትም እንደዚሁ። ጥሩ አንቀጽ ነው። ግን «አሠሪ» ብሎ ይጀምራል። የዓዲ ሓቂዎቹ ሦስት ልጆች አሠሪ የላቸውም። ተቆጣጣሪ ቢመጣ እንኳ የሚጠይቀው ንግድ ፈቃድ ነው።

«ራሱ ያስተምራል» የሚለው ነገር ትልልቆቹም ጋ ይገድላል። የቆዳ ፋብሪካን ውሰዱ፤ ውቅሮም ይሁን ሞጆ ኬሚካሉ አንድ ነው። ፀጉር ለማንሳት የሚገባው ሰልፋይድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል። ሲበዛ ደግሞ ማሽተትን ራሱን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብሎ ተረጋግቶ ወደ ጉድጓዱ የወረደ ሠራተኛ አይመለስም፤ ሊያወጣው የወረደው ጓደኛውም እንዲሁ። ይህን ከልምድ የተማረ ሰው ለሌላው አይነግርም።

ቋንቋውም አለ። በኅዳር 1977 ሕንድ ቦፓል ላይ የዩኒየን ካርባይድ ፋብሪካ ጋዝ አምልጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በተኙበት አለቁ። ከአደጋው በኋላ ከተጻፉት ነገሮች አንዱ የሠራተኞቹ ሥልጠና እያጠረ መሄዱና መመሪያው ብዙዎቹ በቅጡ በማያነቡት እንግሊዝኛ መሆኑ ነው። የልጆቹን የሶዳ ጆንያ አገላብጬ አየሁት። እንግሊዝኛና ቻይንኛ። የተበላሸ እጅ የሚያሳየውን ምልክት «ፋብሪካው ነው» አለኝ አንደኛው፣ የድርጅቱ ዓርማ መስሎት።

የሚያስፈልጋቸው የሆቴል ወርክሾፕ አይደለም። ግማሽ ሰዓት፣ በትግርኛ። ሶዳን ቀስ እያሉ ወደ ውሃ መጨመር እንጂ ውሃን ሶዳ ላይ አለመድፋት፣ ይፈላልና ፊት ላይ ይረጫል። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አለመቀላቀል፤ የሚወጣው ክሎሪን ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጁበት። ዓይን ከነካ በንጹህ ውሃ ሳያቋርጡ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ማጠብና ሐኪም ቤት መሮጥ። ሶዳውን በኩንታል የሚያወርደው አስመጪ ይህን በአንድ ወረቀት አትሞ ጆንያው ላይ ቢሰፋው ምን ያህል ይከስራል? እኔ አሠሪ ለሌለው ሠራተኛ አስተማሪው ሻጩ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

የማውቀውን ነገርኳቸው። ከልባቸው ሰሙኝ፣ ትንሽም ተከራከሩኝ። ሶዳውን የሚበትነው ልጅ የጓንቱን ዋጋ ጠየቀኝ፤ አላውቀውም ነበር። ከዚያ ተነስቶ መደርደሪያው ላይ ከበረኪናዎቹ መሀል አንዱን ሃይላንድ መርጦ አወጣ፣ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተውና ደጃፉ ላይ ለብቻው አስቀመጠው። የሚጠጡት ውሃ ነበር።