ዘመነ መዳብ

«ዘመነ መዳብ» ማለት ሰው የድንጋይ መሣሪያውን ገና ሳይጥል ምሳርና ወስፌ ከመዳብ መሥራት የጀመረበት፥ ከድንጋይ ዘመን በኋላ፥ መዳብን ከቆርቆሮ ጋር አዋሕዶ ነሐስ ከማውጣቱ በፊት ያለው የሽግግር ጊዜ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 በኢጣልያና በኦስትሪያ ወሰን ከበረዶ ውስጥ የተገኘው፥ 5,300 ዓመት ያህል የቆየው በድን፥ የመዳብ ምሳርንና የባልጩት ጩቤን ባንድነት ይዞ መገኘቱ ለዚህ ዘመን ጠባይ እውነተኛ ምስክር ነው።

በግእዝ መዳብና ነሐስ «ብርት»፥ ብረት ደግሞ «ኀጺን» ስለሚባሉ፥ ጥንታዊ መጽሐፍ የሚመለከት ሰው «ብርት» የሚለውን ባገኘ ጊዜ በአማርኛው ልማድ ብረት ነው ብሎ እንዳይተረጕም ይጠንቀቅ።

ይሁን እንጂ ዘመነ መዳብ ሕዝብ ሁሉ የረገጠው እርከን አይደለም፤ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ያለው አብዛኛው አፍሪካ ከድንጋይ ወደ ብረት በቀጥታ ተሻግሯልና። በወለጋም ስመ ጥር የሆነው ጥበብ የብረት ነው፤ ቱምቱ የተባለው ባለሙያ ብረት አዘል ድንጋይንና ከሰልን በጭቃ እቶን ጨምሮ በወናፍ ሲያናፋ፥ ዝቃጩ ቀልጦ ይፈስስ፥ ብረቱም ቀዳዳ የበዛበት ጓል ሆኖ ይቀር ነበር፤ ያን እየቀጠቀጠ ማረሻና ጦር ያወጣ ነበር።

እንግዲህ በነቀምቴ ከተማ በበከኒሳ ቀሴ ሰፈርም ሆነ በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች የምትኖር አንባቢ ሆይ፥ በእርሻ መካከል ከባድና ጥቁር ዝቃጭ ክምር ብታይ ሳትበትን በነቀምቴ ላለው ለወለጋ ሙዚየም አስታውቅ፤ የአባቶችህ ሙያ መዝገብ ነውና።