ችቦ በአፒያ መንገድ

እስቲ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። ሮም ገብቶ ፍርስራሽ ማየት የሚሻ አበሻ አስጎብኚ ይቀጥር ዘንድ አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ጃንጥላ ከፍ አድርጋ የምትመራ ሴትዮ ተከትሎ በኮሎሲየም ዙሪያ ከሚጋፋ አንድ ሰው ብቻ ይከተል፤ እሱም አበበ ቢቂላ ነው።

መነሻችን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከቼቺሊያ ሜቴላ መቃብር ነው። ዙሪያውን ክብ የሆነ፣ ሁለት ሺህ ዓመት ያልገፋው ግንብ! ከደጁ የሚያልፈው ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 የተጀመረው የአፒያ መንገድ ነው። እዚያ አካባቢ ጎንበስ በሉና የጥንቱን ንጣፍ በእጃችሁ ዳስሱት። ጥቁርና ጎባጣ ድንጋይ ነው፣ በጫማ እንኳ ቁርጭምጭሚት ያዞራል። በዚህ መንገድ ነው እንግዲህ አንድ የክቡር ዘበኛ ወታደር፣ አዲሱ ጫማ አልመች ቢለው፣ በባዶ እግሩ የሮም ኦሎምፒክን ማራቶን የሮጠው።

ቀኑን ልብ በሉልኝ። ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ይሉታል። በእኛስ? ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ሙቀቱን ለመሸሽ ውድድሩ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስለነበር አፒያ ላይ መሸባቸው። የጣልያን ወታደሮች በየዳሩ ችቦ ይዘው ያበሩላቸው ነበር። ወገኖቼ፣ በዚያችው ምሽት እኮ አዲስ አበባም በየደጁ ችቦ ይለኮስ ነበር። ጣልያኖቹ የእኛን ዐውደ ዓመት እንደሚያደምቁ ማን በነገራቸው!

ወደ ከተማው እንግባ። ካታኮምቦቹን አልፈን፣ በፖርታ ሳን ሴባስቲያኖ በር ገብተን፣ የካራካላን መታጠቢያ ቤት በግራ ትተን ፖርታ ካፔና ስንደርስ ቆም እንላለን። የአፒያ መንገድ ጥንት አንድ ብሎ የሚቆጠረው ከዚህ ነበር። ሙሶሊኒ ከአክሱም ያስዘረፈውን ሐውልት በ1937 እ.ኤ.አ. ያስተከለው እዚሁ ነው፤ ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ሚኒስቴር ከታሰበው ሕንፃ ፊት ለፊት። ሕንፃው ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መሥሪያ ቤት ሆኗል። ሐውልቱንማ አታገኙትም። ጣልያን በ1947 እ.ኤ.አ. የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈርማ ነበር፤ ሐውልቱ አገሩ የገባው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያለ ባለዕዳ አይግጠማችሁ።

በዚያች ምሽት ግን ሐውልቱ ቆሞ ነበር። ከአበበ ጎን የቀረው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ብቻ ነው። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ እየሮጡ መጡ። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን አስቀድመው መንገዱን ሲያጠኑ፣ ማፈትለኪያ ብለው የመረጡት ይህን የሐውልቱን ስፍራ ነበር። አበበ የአገሩን ድንጋይ ሲያይ ተፈተለከ።

ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ እናንተ ቀስ ብላችሁ ሂዱት፤ አሥር ደቂቃም አይሞላም። ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ይባላል። በግራ የፓላቲኖ ኮረብታ ፍርስራሽ፣ ከፊት የቆስጠንጢኖስ ቅስት። የሮማ የጦር አለቆች ድል አድርገው ሲመለሱ፣ ምርኮኞቻቸውን አስቀድመው በዚህ በኩል ይሰለፉ ነበር። ቅስቱ ሥር ስትደርሱ ቀና በሉ፤ አናቱ ላይ እጃቸውን ያጣመሩ የዳኪያ ምርኮኞች በድንጋይ ተቀርጸው ቆመዋል።

አበበ ከሥራቸው የደረሰው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው፤ ያን ጊዜ በዓለም እንዲህ ፈጥኖ ማራቶን የጨረሰ አልነበረም። ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ተከተለው። አበበ አልተዘረረም። እዚያው በባዶ እግሩ ቆሞ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ45 ሆኗል፤ የችቦው ፍም ገና አልከሰመም ይሆናል።