በስንጥር የተሰካ ታሪክ

ታሪክ ጸሐፍት ስለ ነገሥታት ግብር አብዝተው ጽፈዋል። ማን በየትኛው ድንኳን እንደ ተቀመጠ፣ ስንት ሰንጋ እንደ ታረደ፣ ስንት ጋን ጠጅ እንደ ተቀዳ እናነባለን። የቀን ሠራተኛው ፀሐይ ስትጠልቅ መንገድ ዳር ቆሞ፣ በላቡ ዋጋ ገዝቶ ስለ በላት ጉርሻ የጻፈልን ግን እምብዛም ነው። እኔ ቀን ቀን ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ማታ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝና የትንሽ ሳንቲም ታሪክ ከትልቁ ገንዘብ ታሪክ ይልቅ ልቤን ይስበዋል። ለአንባብያን የማቀርበውም እንዲህ ያለውን ታሪክ ነው፤ የጃፓናውያንን የስንጥር ጥብስ፣ የያኪቶሪን ታሪክ። (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«ያኪ» ማለት ጥብስ፣ «ቶሪ» ማለት ወፍ ነው፤ ዶሮም በዚሁ ቃል ትጠራለች። ነገሩ ለዓይን ቀላል ነው። የዶሮ ሥጋ በጉርሻ መጠን ይቆራረጥና በቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ይሰካል። በከሰል ፍም ላይ እየተገላበጠ ይጠበሳል። ጨው ተነስንሶበት፣ ወይም ከአኩሪ አተር ስጎ፣ ከስኳርና ከሩዝ መጠጥ በተሠራ ማባያ ተነክሮ ይቀርባል። በደጃፉ ቀይ የወረቀት ፋኖስ በተንጠለጠለበት ጠባብ ቤት፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ በመጠጥ እያወራረዱ ይበሉታል። ይህች ቀላል የመሰለች ስንጥር ግን ወደ ሠራተኛው እጅ የገባችው ረጅም መንገድ ተጉዛ ነው።

*

በ675 ንጉሠ ነገሥት ተንሙ ባወጡት ዐዋጅ ከብት፣ ፈረስ፣ ውሻ፣ ዝንጀሮና ዶሮ ከአራተኛው ወር እስከ ዘጠነኛው ወር እንዳይበሉ ተከለከለ። ከክልከላው በስተጀርባ የቡድሃ ትምህርት አለ፤ ወራቱ የእርሻ ወራት መሆናቸውም ልብ ይሏል። ዶሮ ግን ከዐዋጁም በላይ የምትከበርበት ምክንያት ነበራት። በ712 የተጻፈው «ኮጂኪ» እንደሚተርከው፣ የፀሐይ አምላክ አማተራሱ ዋሻ ገብታ ዓለም በጨለመች ጊዜ፣ ሌሎቹ አማልክት እርሷን አባብለው ለማውጣት የሚጮኹ አውራ ዶሮዎችን ሰበሰቡ። ንጋትን የሚጠራ ፍጡር ወደ ድስት የሚገባው በቀላሉ አይደለም።

ክልከላው የዱር ወፎችን አልነካም። ስለዚህ በኤዶ ዘመን፣ ከ1603 እስከ 1868 ባለው ጊዜ፣ የወፍ ጥብስ ሲባል በአብዛኛው የዱር ወፍ ማለት ነበር። በ1689 የታተመ አንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ፣ ወፉ በስንጥር ከተሰካ በኋላ እንደ ስስ ውርጭ ጨው ይነስነስበት ይላል፤ በደንብ ሲጠበስም ጥቂት ሳኬ በተጨመረበት የአኩሪ አተር ስጎ ይነከራል። እንደ ስስ ውርጭ! ያ የወጥ ቤት ጸሐፊ ስለ ጨው መጠን ሊያስረዳ ተነሥቶ ግጥም ጽፎልን ሄዷል።

የተራው ሕዝብ ድርሻ ድንቢጥ ነበረች። በኤዶ ከተማ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ዞሺጋያ በሚባለው ሰፈር በኪሺሞጂን ቤተ መቅደስ ደጃፍ ለተሳላሚው የድንቢጥ ጥብስ ይሸጥ ነበር። በኪዮቶም በፉሺሚ ኢናሪ መቅደስ መንገድ ላይ ይኸው ልማድ ነበር። ኢናሪ የሩዝ አዝመራ አምላክ ነው፤ ድንቢጥ ደግሞ የሩዝ ሌባ ናት። ሌባዋን ጠብሶ መብላት አምላኩን እንደ ማገዝ ተቆጠረ። ታላቁ የሃይኩ ገጣሚ ኮባያሺ ኢሳ (1763–1828) ርኅራኄ የሞላባቸውን የድንቢጥ ግጥሞች የጻፈውም በዚሁ ዘመን ነው። አንድ ሕዝብ ያችኑ ወፍ በግጥም አቀፋት፤ በስንጥርም ጠበሳት። እንዲህ ያለውን ተቃርኖ የእኛ አገር ሰው አያጣውም፤ በፋሲካ ዋዜማ በግ ሲያለቅስ ያላዘነ ልጅ፣ በማግሥቱም ያልበላ ልጅ ማን አለ?

*

በ1872 መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ የበሬ ሥጋ መቅመሳቸው በይፋ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ መብላት የሥልጣኔ ምልክት ሆነ። ዶሮ ግን ገና ውድ ነበር። ሻሞ የተባለውን የዶሮ ዘር በድስት ከነመረቁ የሚያቀርቡ ስመ ጥር ቤቶች ደንበኞቻቸው ባለጸጎች ነበሩ። በፊት ለፊቱ በር ባለጸጋው ገብቶ ጭኑንና ደረቱን ሲበላ፣ በጓሮው በር ጉበት፣ ልብ፣ አንጀት፣ ጨጓራና ለጋ አጥንት ይወጣል። የዛሬው ያኪቶሪ የተወለደው ከዚህ የጓሮ በር ነው።

ምስክራችን ማትሱባራ ኢዋጎሮ ይባላል። «ኮኩሚን ሺምቡን» የተባለው ጋዜጣ ዘጋቢ ነበር። የቶኪዮን ድሆች ኑሮ ከሩቅ ሆኖ መጻፍ አልበቃውምና ራሱ እንደ ድሃ ለብሶ በሰፈራቸው ኖረ። ከጦር መኮንኖች ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የሚወጣውን ትርፍራፊ ምግብ ገዝቶ ለድሆች መልሶ በሚሸጥ ሱቅ ተቀጥሮ ሠራ። ያየውን ሁሉ በ1893 በመጽሐፍ አሳተመው፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እጅግ የጨለመችው ቶኪዮ» እንደ ማለት ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያኪቶሪ የጉልበት ሠራተኞች ኃይል መጠገኛ ሆኖ ይገኛል። ሻጮቹ የዶሮውን የሆድ ዕቃ ከሻሞ ቤቶች ወጥ ቤት ይገዛሉ፤ በስንጥር ሰክተው ይጠብሱታል፤ መዓዛው የጋሪ ጎታቾችን ከመንገድ ይጠራል። የአንዷ ስንጥር ዋጋ ከ3 እስከ 5 ሪን ነበር።

እዚህ ላይ የሙያዬ ነገር አያስችለኝምና ላስላው። አንድ የን 100 ሴን ነው፤ አንድ ሴን 10 ሪን ነው፤ ስለዚህ አንድ የን 1000 ሪን ይሆናል። በአንድ የን ከ200 እስከ 333 ስንጥር ይገዛ ነበር ማለት ነው። ሪን በ1953 በወጣ ሕግ ከሴን ጋር ከመገበያያነት ወጣ፤ ዛሬ በሰብሳቢዎች ሣጥን ውስጥ ካልሆነ አይገኝም። ነገር ግን ያች ከንቱ የመሰለች ሳንቲም አንድ ትልቅ ሥራ ሠርታለች። ሙሉ ዶሮ መግዛት የማይችል ሰው ግማሹንም ሩቡንም መግዛት አይችልም። ሦስት ቁራሽ ጉበት የተሰካባትን አንዲት ስንጥር ግን ይገዛል። ስንጥሯ ሥጋውን ስትከፋፍል ዋጋውንም ከፋፈለችው።

ከማትሱባራ መጽሐፍ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያቆመኝ ሁለቱን ሽያጮች ጎን ለጎን ማየቴ ነው። የትርፍራፊው ሱቅና የያኪቶሪው ሻጭ ሁለቱም የሚሸጡት ሌላው ያልፈለገውን ነው። በትርፍራፊው ሱቅ ገዢው ዕቃውን ይዞ ይመጣል፤ ሌላ ሰው ያስተረፈው ይቀዳለታል። በያኪቶሪው ሻጭ ዘንድ ግን ሥጋው በእርሱ ትእዛዝ ፍም ላይ ይወጣል፤ ለእርሱ ይገላበጣል፤ ትኩሱ በእጁ ይሰጠዋል። በአንደኛው ቦታ የተራበ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ደንበኛ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሪን ነው፤ ለሰውየው ግን የቁመት ልዩነት ነው።

*

ጃፓን በተሰበረች ቁጥር ስንጥሯ ተመልሳ ብቅ ትላለች። መስከረም 1 ቀን 1923 ታላቁ የካንቶ ርዕደ ምድር ቶኪዮንና ዮኮሃማን ሲያፈርስና ሲያቃጥል ምግብ ቤቶችም አብረው ወደሙ። በፍርስራሹ መካከል አስቀድመው ሥራ የጀመሩት ምድጃና ጣውላ ብቻ የሚበቃቸው የመንገድ ዳር ሻጮች ነበሩ። በ1945 ጃፓን በጦርነቱ ተሸንፋ እጅ ስትሰጥም እንዲሁ ሆነ። ምግብ በራሽን በሚታደልባት በተቃጠለችው ከተማ፣ በባቡር ጣቢያዎች ዙሪያ የጥቁር ገበያ መደዳዎች ተተከሉ። ዱቄትን የመሰሉ ምግቦች በቁጥጥር ሥር ሲውሉ፣ ሻጮቹ ቁጥጥር ወዳልነካው ወደ ከብትና ወደ አሳማ የሆድ ዕቃ ዞሩ፤ እርሱንም በስንጥር እየሰኩ ጠበሱ። በሺንጁኩ ጣቢያ በስተምዕራብ የተተከለው መደዳ ዛሬም አለ። በ1999 እሳት ከፊሉን አቃጥሎት ነበር፤ እንደ ገና ተሠራ። ስሙ «ኦሞይዴ ዮኮቾ» ነው፤ የትዝታ ቅያስ እንደ ማለት። በትዝታ ያደገ አማርኛ አንባቢ ይህን ስም ሲሰማ ተጨማሪ ማብራሪያ አያሻውም።

ስሙም ከወፏ በላይ ዕድሜ አገኘ። በሆካይዶ ደሴት በሙሮራን ከተማ፣ በሳይታማም በሂጋሺማትሱያማ ከተማ «ያኪቶሪ» ብሎ ያዘዘ ሰው የሚቀርብለት የአሳማ ሥጋ ነው። ሥጋው ተለወጠ፤ ስንጥሩ፣ ፍሙና ስሙ ቀሩ። እውነተኛው ዶሮ ወደ ተራው ሰው ስንጥር በብዛት የገባው፣ በፍጥነት የሚያድገው የሥጋ ዶሮ፣ እኛ «የፈረንጅ ዶሮ» የምንለው ዓይነት፣ ከአሜሪካ መጥቶ በ1960ዎቹ ከተስፋፋ ወዲህ ነው። ጭንና ደረት ከባለጸጋው ድስት ወርደው፣ ከጉበትና ከጨጓራ ጎን ተሰኩ።

*

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ሥልጠና ቶኪዮ በሄድኩበት ጊዜ እኔም ከእነዚህ ርካሽ ቤቶች በአንዱ ተቀምጫለሁ። ቤቱ በዩራኩቾ ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ በታች ባለው የጡብ ቅስት ሥር ነው። የዩራኩቾ ጣቢያ የተከፈተው በ1910 ነው፤ በቅስቶቹ ሥር የተደረደሩት ቤቶች ጢስ ጡቡን አጥቁሮታል። ባቡር በላያችን ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ቀና ብሎ የሚያይ ግን የለም። ጠባሹ ሽማግሌ በአንድ እጃቸው ስንጥሮቹን ያገላብጣሉ፤ በሌላው ፍሙን በማራገቢያ ያራግባሉ። ምግብ በታዘዘ ቁጥር ባዶው ስንጥር በፊታችን በቆመ ማንቆርቆሪያ መሰል ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። በአንዳንድ ቤቶች ሒሳብ የሚደረገው ስንጥሩ ተቆጥሮ ነው፤ ደረሰኝ ከዚህ የተሻለ ሆኖ አላየሁም።

ዝርዝሩን ሲያስረዱኝ ቃላቱ ከሥጋው እኩል ጣሙኝ። ልብ «ሃትሱ» ይባላል፤ ከእንግሊዝኛው የልብ መጠሪያ የመጣ ነው። ጉበት «ሬባ» ነው፤ እርሱም የባዕድ ቃል ነው። «ኔጊማ» የሚሉት ሥጋና ባሮ ሽንኩርት እየተፈራረቁ የተሰኩበት ነው፤ ጥንት ከሽንኩርቱ ጋር የሚሠራው የቱና ዓሣ ነበርና ስሙ ያንን ያስታውሳል ይባላል። ቆዳው ለብቻው፣ አንገቱ ለብቻው፣ ለጋ አጥንቱ ለብቻው፣ የጭራው ሥር ለብቻው ስንጥር አለው። ዶሮ 12 ቦታ ተገንጥላ፣ ፈረሰኛው ለማን፣ መላላጫው ለማን እንደሚሰጥ በሥርዓት ከሚታወቅበት ቤት ለወጣሁት ለእኔ ይህ ባዕድ አልሆነብኝም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በእኛ ማዕድ ብልቱ የሚሰጠው በማዕረግ ነው። በዚያ ጠባብ ቤት ግን ማንም ሰው የወደደውን ብልት በራሱ አፍ ያዝዛል። አንዳንድ ባለቤቶች እንግዶች ሥጋውን ከስንጥሩ አውጥተው ለመካፈል ሲነሡ ቅር ይላቸዋል፤ አንዷ ስንጥር ለአንድ ሰው ተመጥና የተሰካች ናትና።

ይህ ቤት ርካሽ ይባል እንጂ ሙያው ርካሽ አይደለም። የተከበረው ከሰል ቢንቾታን ይባላል፤ በዋካያማ አውራጃ ከሚበቅል ጠንካራ የባሉጥ ዛፍ ይከሰላል፤ ሲያጋጩት እንደ ብረት ይጮኻል፤ ጢሱ ጥቂት፣ ግለቱ ብዙ ነው። የፈረንሳዩ ሚሽላን መመሪያም በቶኪዮ ለያኪቶሪ ቤቶች ኮከብ እስከ መስጠት ደርሷል። የጓሮ በሩ ምግብ በፊት ለፊት በር ገባ ማለት ነው።

ይሁንና እኔ ከኮከቡ ይልቅ የምከታተለው ዋጋውን ነው። በ1985 በሂጋሺ ኦሳካ ሥራ የጀመረ አንድ የያኪቶሪ ኩባንያ አለ፤ ስሙ «ቶሪኪዞኩ» ነው። «ኪዞኩ» ማለት መኳንንት ነው። የድሃ ጋሪ ጎታች ምግብ የሚሸጥ ቤት በመኳንንት ስም ተጠራ! ምግቡን ሁሉ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ከ1989 እስከ 2017፣ ለ28 ዓመታት፣ ታክሱ ሳይታሰብ ዋጋው 280 የን ነበር። በጥቅምት 2017 ወደ 298 የን ከፍ አለ። ጭማሪው 18 የን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ደንበኛው ቀነሰ፤ ሐምሌ 2019 በተዘጋው የሒሳብ ዓመትም ኩባንያው ኪሳራ አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህም ዋጋው ደጋግሞ ጨምሯል።

18 የን ምን ያህል ብትሆን ነው? የሚሉ ይኖራሉ። ከመስኮቴ ፊት የሚሰለፉትን ሰዎች ያየ ግን እንዲህ አይልም። ከደመወዝ ላይ ለመዝናኛ የምትቀረው ገንዘብ ምን ጊዜም ትንሽ ናት፤ የሰውየውን ቁመት ይዛ የምትቆመውም እርሷው ናት። በልቶ መክፈል፣ ከፍሎ መውጣት፣ ነገ ማታ ተመልሶ መምጣት፤ ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ድሃ ቢሆንም የተጣለ አይደለም። የርካሽ ማዕድ ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር ከሰልፉ መጨረሻ የሚወጣ አንድ ሰው አለ፤ ስሙንም ማንም አይመዘግብም። ማትሱባራ በ1893 መዝግቦት ነበር።

እንደ ልማዴ በጥቂት ስንኞች ልሰናበት።

ከጌታ ድስት ተርፋ በጓሮ የወጣች፣
በፍም ተፈትና ክብር ይዛ መጣች፤
ጋሪውን አቁሞ ድካሙን ሊረሳ፣
በሦስት ሪን ዋጋ ክንዱን ቢያነሣ፣
ጢሱ ጠራው እንጂ ማን ጠራው በስሙ?
ስንጥሯን ጨብጦ ቆመ በአቅሙ።
ታሪክ ሆይ ስትጽፊ የነገሥታት ግብር፣
ይችን ስንጥር ደግሞ መዝግቢያት በክብር።